ስለ ሐሳብና አንደበት ንጽሕና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ በሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ጉባኤው ሲበተን ወደ ኋላ ቀርቶ የሚጠብቀኝ ሰው አይጠፋም። ስለ ከባድ ትርጓሜ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። የሚበዛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ምላሱና ስለ ሐሳቡ ነው የሚያወራኝ። ደጋግመው የመጡብኝን ጥያቄዎች እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። የአንዳንዱ መልስ ረዝሟል፤ እኔንም የፈተነኝ ስለሆነ ነው። የንስሐ አባት ያለው ሰው ይህን ካነበበ በኋላም ወደ እሳቸው ይሂድ።

በሐሳብ ብቻ ያለፈ ነገር እንዴት ኃጢአት ይሆናል? ማንንም አልጎዳሁም እኮ።

ኑዛዜ ላይ "በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር" እንላለን፤ በማሰብ፣ በመናገር፣ በመሥራት ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን አስተውሉት። ሥራው መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ፈሪሳውያን ደቀ መዛሙርቱ እጃቸውን ሳይታጠቡ በሉ ብለው በከሰሱ ጊዜ ጌታችን የመለሰላቸውም ይህንኑ ነው፤ ወደ አፍ የሚገባው አያረክስም፣ ከአፍ የሚወጣው ግን ከልብ ይወጣል፣ ሰውን የሚያረክሰውም እሱ ነው አላቸው (ማቴ. 15)። መግደልንም፣ ዝሙትንም፣ ስድብንም ከአንድ ምንጭ አወጣቸው፤ ከልብ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ያውቀዋል። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና የሚነዳ ሹፌር ማርሽ የሚቀንሰው አፋፉ ላይ እያለ ነው። መሃል ከገባ በኋላ በፍሬን ብቻ ልያዝ ካለ ፍሬኑ ይግላል፣ መሽተት ይጀምራል፣ ከዚያ አልታዘዝም ይላል። እኛ ምላሳችንን ለመያዝ የምንሞክረው ብዙ ጊዜ ቁልቁለቱ መሃል ነው። ቂሙን ለሳምንት ስናብሰለስለው ከርመን፣ ሰውየውን በልባችን አሥር ጊዜ ሰድበን፣ መንገድ ላይ ስናገኘው ምላሳችን እንዲታዘዘን እንጠብቃለን። አባቶቻችን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ ደግሞ ከአፍ ሳይወጣም ልብ ውስጥ አፋፍ አለ እላለሁ፤ ማርሽ የሚቀነሰውም እዚያ ላይ ነው።

ክፉ ሐሳብ ሳልፈልገው ይመጣብኛል። መምጣቱ ራሱ ኃጢአት ነው?

አይደለም። ይህን ባለማወቅ የሚሰቃይ ወጣት ብዙ ስለሆነ ደግሜ ልበለው፤ መምጣቱ ኃጢአት አይደለም። በግብፅ በረሃ ወደነበሩት ወደ አባ ጴሜን አንድ ወንድም መጥቶ "ብዙ ሐሳብ እየመጣ ያስጨንቀኛል" ቢላቸው፣ ወደ ውጭ አወጡትና "ደረትህን ገልጠህ ነፋሱን ያዘው" አሉት። "አልችልም" አለ። "እንግዲያስ ሐሳብ እንዳይመጣም ልትከለክል አትችልም፤ የአንተ ድርሻ መቃወም ነው" አሉት። ክረምት ላይ ከጦሳ የሚወርደውን ብርድ የሚያውቅ የደሴ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ሐሳብ ሲመጣ አንድ ነገር ነው፤ ስታጫውተው ሌላ ነው፤ እሺ ስትለው ደግሞ ሌላ። እኛ ወሎዬዎች ደጅ የቆመን ሰው "ግቡ" ሳንል ማለፍ ይከብደናል። ለሐሳብ ግን ይህን ደግነት አናድርግለት። በር ቢያንኳኳ ያንኳኳ፤ በርጩማ አውጥተን፣ ከሰል አቀጣጥለን፣ ቡና ካፈላንለት ግን ያኔ ቤተኛ አድርገነዋል። ጥያቄው እንግዲህ ምን ያህል ተቀመጠ የሚለው ነው።

ስለ ዝሙት ሐሳብ ለሚጠይቁኝ አንድ ተግባራዊ ነገር እጨምራለሁ። ማታ ስልኩን ሳሎን ቻርጅ ላይ ተዉትና ባዶ እጃችሁን ግቡ። ብዙ ትግል የሚጀመረው አልጋ ላይ ተጋድሞ ስልክ ከመነካካት ነው፤ ብዙውም በዚህ ብቻ ይቀልላል።

ቅዳሴ ላይ ቆሜ በእግዚአብሔርና በቅዱሳን ላይ የስድብ ሐሳብ ይመጣብኛል። ለመቁረብ ፈራሁ።

ይህን የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ እግዚአብሔርን ከልባቸው የሚፈሩ ሰዎች ናቸው። የሚጠሉትን ሐሳብ ነው የሚያዩት፤ መጥላታቸው ራሱ አለመስማማታቸውን ያሳያል። ከሐሳቡ ጋር አትከራከሩ፣ አትመርምሩት፣ "ለምን መጣብኝ?" ብላችሁም ቀኑን ሙሉ አትቆፍሩ። አማትባችሁ ወደ ዜማው ተመለሱ። ለንስሐ አባታችሁ አንድ ጊዜ በግልጽ ተናገሩ፤ ስለ መቁረቡም እሳቸው የሚሏችሁን ስሙ እንጂ ፍርሃታችሁን አትስሙ።

ሐሳቡ ከእንቅልፍ የሚከለክል፣ አንዱን ጸሎት ሃያ ጊዜ የሚያስደግም፣ እጅ ደጋግሞ የሚያስታጥብ ከሆነ ደግሞ ሐኪምም ጋ ሂዱ። ሐኪሞች የሚያውቁት፣ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማጣት አይደለም፤ ጠበሉም ጸሎቱም አብሮ ይቀጥላል።

ያወራሁት እውነት ከሆነ ሐሜት ነው?

ነው። ውሸት ቢሆንማ ስም ማጥፋት ነበር የሚባለው። ሐሜት ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ጉልበት የሚሰጠውም እውነት መሆኑ ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ነበርን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ተጥዷል። አንዲት የምናውቃት ሴት ሰሞኑን ለምን እንደጠፋች ተነሣ። እኔም "እሷማ ብድር ስላለባት ነው ሰው የምትሸሸው" አልኩ። እውነት ነበር፤ እሷው ራሷ ናት ያዋየችኝ። ቃሉን ሳልጨርስ የአንዷ እጅ ፈንድሻው ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ዞር ስል በበሩ መጋረጃ ሥር ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አየሁ። የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጫማው ትንሽ ቆሞ፣ ዞሮ፣ ሄደ። ቶናውን ማን እንደቀዳው አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ አንድ መመዘኛ ይዣለሁ፤ ሰውየው እዚህ ረከቦቱ አጠገብ ቢቀመጥ ይህን ቃል በዚሁ ድምፅ እለው ነበር? ድምፄን መቀነስ ካማረኝ መልሱን አገኘሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ጋር አይምታታ። ባሏ የሚደበድባትን ሴት፣ የሚበደልን ሕፃን፣ የሚዘረፍን አቅመ ደካማ አይቶ "ሐሜት እንዳይሆንብኝ" ብሎ ዝም ማለት ንጽሕና አይደለም። ማስቆም ለሚችል ሰው መንገር ሐሜት አይባልም። ጌታችንም ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ በምስክር፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ብሎ ሥርዓቱን አስተምሯል (ማቴ. 18)። ቡና ላይ የሚወራው ወሬ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም አይደለም።

ሌሎች ሲያሙ ዝም ብዬ ብሰማስ?

ሰሚ ከሌለ ሐሜት ይሞታል። ተነሥታችሁ ግን አትስበኩ፤ ቡናውን ታበላሹታላችሁ እንጂ ሐሜቱን አታቆሙትም። ይህን ጥበብ ያሳዩኝ ሙስሊም ጎረቤቴ፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው። የሌለ ሰው ስም በክፉ ሲነሣ ሲኒያቸውን ያስቀምጡና "አላህ ያግራላት" ይላሉ። እኛም "አሜን" እንላለን። ከአሜን በኋላ ያንን ወሬ መቀጠል የሚችል ሰው እስካሁን አላየሁም።

ስድብ አልሳደብም፤ በአሽሙር ግን እናገራለሁ። ቃሉ ንጹሕ ነው።

ቋንቋችን ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ቋንቋ ነው፤ ጸጋችንም ፈተናችንም ይኸው ነው። ቅኔ ላይ ወርቁን ለእግዚአብሔር ምስጋና የሚደብቁ ሊቃውንት አሉን። እኛ ደግሞ በዚያው ጥበብ ሰምን ማር አድርገን ውስጡ እሬት እንከታለን። "አንቺማ ምን አለብሽ፣ ልጆችሽ ሁሉ ደርሰውልሻል" ተብላ፣ ልጇ ሥራ አጥቶ የተቀመጠባት እናት ስትሰማው ቃሉ ንጹሕ ነው ልንል እንችላለን? የተናገራችሁት ሰው ቤቱ ገብቶ የሚያስበው ወርቁን ነው። እግዚአብሔርም የሚሰማው ወርቁን ነው። በግልጽ የተሳደበ ሰው ቢያንስ ይቅርታ የሚጠይቅበት ቃል አለው፤ አሽሙረኛ ግን "ምን አልኩ?" እያለ ንስሐውን ራሱ ያጣል። ለዚህ ነው እኔ አሽሙርን ከስድብ የማከፋው።

ቀልድና ጨዋታስ?

ጨዋታ በረከት ነው፤ ያለ ጨዋታ ወሎ የለም። የሚስቀው ሰው በማን ቁስል ላይ እንደሚስቅ ብቻ እዩ።

ጾም ላይ ከሥጋና ከወተት መከልከል አይበቃም?

ሐሜትን አማርኛ "የሰው ሥጋ መብላት" ይለዋል። ሁዳዴን ሙሉ ከበግ ሥጋ ተከልክሎ የሰው ሥጋ የሚበላ ሰው ጾመ ለማለት ይከብዳል። ቅዱስ ያሬድ "ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን" ሲል የዘመረውን በየዓመቱ እንሰማዋለን። ዓይንም ምላስም ጆሮም የየራሳቸው ጾም አላቸው።

እንዲህ ሞክሩት፤ ረቡዕና ዓርብ እስክትበሉ ድረስ ስለሌለ ሰው ምንም አታውሩ፤ በጎም ቢሆን። መጀመሪያ ቀን ምን ያህል ዝም እንደምትሉ ስታዩ ትደነግጣላችሁ። እኔ ደንግጫለሁ።

ነጋዴ ነኝ። ሳልምል ሰው አያምነኝም።

ሰኞ ገበያ አንድ ጠዋት ብትቆሙ የማርያም፣ የሚካኤልና የጊዮርጊስ ስም ስንት ጊዜ በሽንኩርትና በጨርቅ ዋጋ ላይ እንደሚጠራ ትሰማላችሁ። "ማርያምን በዚህ አልገዛሁትም!" ከተባለ በኋላ ዋጋው ይቀንሳል። ገዢውም ቀድሞ አላመነም ነበር። መሐላው የረከሰው እንግዲህ የቅዱሳኑን ስም ይዞ ነው።

ጌታችን ቃላችሁ አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን ብሏል (ማቴ. 5፥37)። ለነጋዴ ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቴም ነጋዴ ነበረች። እሷ የምትለው "የመጨረሻው ይሄ ነው" ብቻ ነበር፤ ደንበኛ ሊሄድ ሲልም አትጠራውም። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ሄዶባታል። ኋላ ግን "እሷ ጋ ክርክር የለም" ተብሎ ሰው ልጁን ብር አስይዞ ይልክ ጀመር።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የምጽፈውም ንግግር ነው?

ጣት ምላስ የሆነበት ዘመን ነው። ሰው ስለ ተናገረው ከንቱ ቃል ሁሉ በፍርድ ቀን መልስ ይሰጣል የሚለው ቃል (ማቴ. 12፥36) ኮሜንትን ለይቶ አይተውም። ያልጻፍነውን ማጋራትም ያው ነው፤ የሰውን ስድብ ተሸክሞ የሚያደርስ ሰው እጁ ንጹሕ ነው አይባልም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ወሬ ምን እንደሚያደርግ በዓይናችን አይተናል። አንድ ያልተረጋገጠ መልእክት ሙሉ ሰፈር ዕቃ ያስጠቀልላል። በሌላ አንድ መልእክት ደግሞ ትናንት ቡና አብሮ የጠጣ ሰው ዛሬ በጥርጣሬ ይታያል። የአንድን ሕዝብ ስም በስድብ መጥራት በዚያ ወቅት ለብዙ ሰው ቀላል ሆኖ ነበር፤ አንዳንዱም እስከ ዛሬ ከአፉ አልለቀቀም። ኑዛዜ ላይ ይህን የሚያነሣ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። መነሣት ያለበት ግን ይመስለኛል፤ አንድን ሰው መስደብ ኃጢአት ከሆነ ሚሊዮኖችን በአንድ ቃል መስደብ እንዴት ይቀልላል?

ቤቴ ተዘርፏል፣ ዘመድ አጥቻለሁ። በልቤ እረግማቸዋለሁ፤ አልተወኝም።

ለእርስዎ "ይርሱት" አልልም፤ እንዲህ የማለት መብትም የለኝም። የሆነውን ማውራት፣ ማልቀስ፣ ፍትሕ መጠየቅ አንደበትን አያረክስም። ዳዊትም ጠላቶቹን አንሥቶ ለእግዚአብሔር እየጮኸ ከሷል። ጩኸቱን ግን ወደ ማን እንዳደረገው ይዩ። ቁጣውን ለጎረቤት ሳይሆን ለፈጣሪ ነው ያፈሰሰው።

እርግማኑ ሲመጣ አፍነው አይዋጡት፤ ወደ ጸሎት ያዙሩት። "ጌታ ሆይ፣ ይህን አድርገውብኛል፤ አንተ አይተሃል፤ ፍርዱም ያንተ ነው" ይበሉ። ለዛሬ ይህ ይበቃል። "ይቅር በላቸው" የሚለው ቃል በዓመቱ ይምጣ፣ በአምስት ዓመቱ ይምጣ፣ እግዚአብሔር አይቸኩልም። ለእርስዎ የሚቸኩሉልዎት ሰዎች ያልተጎዱ ናቸው።

ልጄ ከሰፈር ስድብ ለምዶ መጣ። ምን ላድርግ?

አፉ ላይ ሚጥሚጣ ማድረጉን ተዉት። ያቃጥላል እንጂ አያጠራም፤ ልጁም የሚማረው እናንተ በሌላችሁበት መሳደብን ነው። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ትርጉሙን በልኩ አስረዱት፤ "ይህን ለእኅትህ ትለዋለህ?" በሉት። ከዚያም ሲናደድ የሚለው ሌላ ቃል ስጡት፤ ንዴቱ አይጠፋምና።

ባጃጅ መንገድ ሲዘጋባችሁ ምን እንደምትሉ ደግሞ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ ይሰማል።

ታዲያ ዝም ማለት አይሻልም?

ለጊዜው ይሻል ይሆናል። አባ አጋቶን ዝምታን እስኪማሩ ድረስ ሦስት ዓመት አፋቸው ውስጥ ድንጋይ ይዘው ኖረዋል ይባላል። የዝምታው ዓላማ ግን መናገርን መማር ነበር፤ ኋላ ሰው ምክር ፍለጋ ይመጣላቸው የነበሩ አባት ናቸው። ኩርፊያም ዝምታ ነው፤ ሚስቱን ሁለት ሳምንት የማያናግር ባል አንደበቱ ንጹሕ ነው ልንለው ነው?

ባዶ ልብ ንጹሕ ልብ አይደለም። ጌታችን ስለ ተጠረገችና ስላጌጠች፣ ባዶ ግን ስለሆነች ቤት ተናግሯል፤ የወጣው ርኩስ መንፈስ ሰባት ሌሎች ይዞ ተመለሰባት። መሙላት ያስፈልጋል። ጠዋት ከስልክ በፊት ከዳዊት አንድ መዝሙር፤ ከማውቃቸው ለመጀመር የሚቀልለው 50ኛው ነው፤ "ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ" ይላል። ፍጠርልኝ ማለቱን ልብ በሉ፤ ዳዊት እጠብልኝ ብሎ ብቻ አላቆመም፣ አዲስ ነው የለመነው። መንገድ ላይ ደግሞ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" በልብ ማለት፤ ታክሲ ስትጠብቁ፣ ወረፋ ላይ ስትቆሙ። ምርቃትንም አትርሱ። እኛ አገር ሰው ቡና ጠጥቶ ሳይመርቅ አይነሣም። ይህን ልማድ ከቡናው ቤት ውጭ ይዛችሁት ውጡ፤ ያናደዳችሁን ሰው በልባችሁ መርቁት። መጀመሪያ ከአንገት በላይ ይሆናል። ምንም አይደለም፤ ቀጥሉ።

ግሸን ማርያም ብሳለም ይሄ ሁሉ ይነጻልኛል?

ሂዱ፤ መስከረም 21 እዚያ መቆም ትልቅ ጸጋ ነው። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ በወንበር የሚጣሉ ተሳላሚዎችን ግን አይቻለሁ። በረከቱን ይዛችሁ ቤት ለመግባት ጥረቱ ቁልቁለቱ ላይም ይቀጥል።

የተናገርኩት ወጥቷል። መልሼ ልውጠው አልችልም። እንዴት ነው የሚስተካከለው?

መናዘዝ አለ፤ እሱ የመጀመሪያው ነው። ግን ጌታችን መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ብሏል። የንስሐ አባቴ ስለዚያ ስለ ቡናው ስነግራቸው ስግደት ከሰጡኝ በኋላ "የሰሙትን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ?" አሉኝ። ሦስት ነበሩ። "እንግዲያስ ሦስት ቤት አለብሽ፤ አራተኛው የእሷ ነው" አሉኝ።

ሄድኩ። አንደኛዋ አቀፈችኝ። ሁለተኛዋ "እኔ እኮ ረስቼው ነበር፤ አሁን አንቺ አስታወስሽኝ" አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ይቅርታ መጠየቅ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ወሬውን ሳትደግሙ "ያን ቀን ያልኩት የእኔ ጥፋት ነበር" ብቻ በሉ። ሦስተኛዋ ወሬ ቀየረች።

አራተኛው ቤት በር ላይ ቆሜ ሳንኳኳ ሰማያዊው ነጠላ ጫማ ደጃፉ ላይ ነበር። ወጥታ እስክጨርስ ሰማችኝ። ግቢ አላለችኝም። "ብድሩን ከፍዬ ጨርሻለሁ። እሱንም ንገሪያቸው" አለችኝና በሩን ገርበብ አደረገችው።

እንደገና ሦስት ቤት ሄድኩ።